ማስተኛቱ ቀላሉ ነው

ስድስት ወር የሞላው፣ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ የሚዘዋወረው ደም 560 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንዲት ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ብዙም አይበልጥም። የራስ ቅሉን ቅርጽ ለማስተካከል በሚደረገው ቀዶ ጥገና የራሱ ቆዳ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይከፈታል። የግንባሩና የአናቱ አጥንት ተቆርጦ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ተቃንቶ ተመልሶ ይገጠማል። የራስ ቆዳና የሕፃን የራስ ቅል አጥንት ደግሞ ደም የጠገቡ ቦታዎች ናቸው። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት ያላገኙት ልጆች በአማካይ በኪሎ 119 ሚሊ ሊትር ደም ፈሷቸዋል። ሕፃን በኪሎ ያለው ደም 80 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይዘውት ከገቡት ደም በላይ ፈሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ያለፈ ሕፃን ግን ፊቱ ቢያብጥም ብዙውን ጊዜ በማግስቱ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ይጠባል።

የቀዶ ሐኪሙን ሥራ ሁሉም ያየዋል። ጠቦ የነበረው ግንባር ሰፍቶ፣ ረዝሞ የነበረው አናት ክብ ሆኖ ሲወጣ እናት በእጇ ትዳስሰዋለች፤ ልጁም ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። እኔ ዓይኔን ቀዶ ጥገናውን ከሚጋርደው ጨርቅ ማዶ ወዳለው ሰው መመለስ እፈልጋለሁ። ሰመመን ሰጪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መርፌ ወግቶ ወይም ጭምብል ደፍቶ የሚያስተኛ ባለሙያ ነው። ሕፃንን ማስተኛት ግን አንድ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ጥበቡ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፦ ደሙ እየወጣ እየተተካ፣ የልጁ ልብ ልዩነቱን ሳያውቀው እንዲመታ ማድረግ። በሕክምና ውስጥ ከዚህ የረቀቀ የእጅና የአእምሮ ሥራ ብዙ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ሲወለድ የራስ ቅሉ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። የተለያዩ አጥንቶች በሚላወሱ መጋጠሚያዎች ተያይዘው፣ እናቶቻችን ቅቤ የሚያደርጉበት እርግብግቢት አናቱ ላይ ክፍት ሆኖ ነው የሚወለደው። አንጎል በመጀመሪያው ዓመት ከእጥፍ በላይ ስለሚያድግ ቦታ ያስፈልገዋል። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ግን ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ያለጊዜው ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮው በ1851 እንዳስረዱት፣ የራስ ቅሉ በተዘጋው መጋጠሚያ በኩል ወደ ጎን መስፋቱን ያቆምና መስመሩን ተከትሎ ያድጋል። ከእርግብግቢቱ ወደ ኋላ የሚሄደው የመሐሉ መስመር ከተዘጋ ጭንቅላቱ ጠቦ ይረዝማል፤ ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። የግንባሩ መስመር ከተዘጋ ግንባሩ ሾሎ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። አንዳንዱ ልጅ ላይ አንጎል ይጨነቃል። ቀዶ ጥገናው በሕፃንነት የሚደረገውም አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ፣ የተተወውን ክፍተት ራሱ ሞልቶ ስለሚያድግና አንጎሉም ከውስጥ እየገፋ አዲሱን ቅርጽ ስለሚያግዝ ነው።

በፓሪስ ላኔሎንግ የተባሉ ቀዶ ሐኪም በ1890 ያለጊዜው የተዘጋ የራስ ቅል ለመክፈት ሞክረው ነበር። የዘመናዊው የፊትና የራስ ቅል ቀዶ ጥገና አባት የሚባሉት ፖል ቴሲዬ ሥራቸውን ለሙያ ጓዶቻቸው ያቀረቡት ግን በ1967 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ቢላው ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕፃንን ለረጅም ሰዓት በሕይወት አቆይቶ የማስተኛት ችሎታ ነው። ፊሊፕ ኤር በኒውካስል በ1937 የላይኛው ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ሕፃናት ትንፋሻቸው የማይታገልበትን፣ ቫልቭ የሌለውን ቀላል የቲ ቅርጽ ቱቦ ሠሩ። ጎርደን ጃክሰን ሪስ በሊቨርፑል በ1950 ጫፉ ላይ ክፍት ከረጢት ጨመሩበት፤ የሕፃን ትንፋሽ በመዳፍ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ሆነ። ሮበርት ስሚዝ በቦስተን የልጁ ደረት ላይ የሚለጠፍ ማዳመጫ ከጆሮ እንዳይለይ ለአንድ ትውልድ አስተማሩ። የቴሲዬን ስም የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ የእነዚህንም ሊያውቅ ይገባ ነበር ባይ ነኝ፤ እነሱ ባይኖሩ ቴሲዬ የሚቆርጡት ሕፃን ጠረጴዛው ላይ ባልቆየ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከቀዶ ጥገናው ቀናት በፊት ነው። ሰመመን ሰጪዋ ሐኪም ልጁን ታየዋለች። ክብደቱን በትክክል ትይዛለች፤ ከዚህ በኋላ የምትሰጠው ሁሉ፣ ከመድኃኒቱ እስከ ደሙ፣ በኪሎ ተባዝቶ የሚወጣ ነውና። ሲተኛ ያንኮራፋ እንደሆን እናቱን ትጠይቃለች። ክሩዞን ወይም አፐርት የተባለው አብሮ የሚወለድ ሕመም ያለበት ልጅ የመሐል ፊቱ ስላልወጣ የአፍንጫው መንገድ ጠባብ ነው፤ ሲተኛ አየሩ ሊዘጋበት ይችላል። አፐርት ያለበት ልጅ በዚያ ላይ ጣቶቹ የተጣበቁ ስለሆኑ እጁ ላይ ደም ሥር ማግኘት ሌላ ፈተና ነው።

ቀጥሎ ሄሞግሎቢን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ይታያል። ማንኛውም ጤነኛ ሕፃን በሁለተኛውና በሦስተኛው ወሩ ደሙ ይቀንሳል፤ ከማሕፀን ይዞት የመጣው እያለቀ፣ የራሱ ገና አልተካም። ሄሞግሎቢኑ ወደ 9 ወይም 10 ግራም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በሦስት ወሩ ለቀዶ ጥገና የሚቀርብ ልጅ ገና ቢላ ሳይነካው ተቀማጩ ስስ ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎች ብረትና ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ደም የሚያስመርት ሆርሞን ሳምንታት ቀድመው ይሰጣሉ። ደም ባንክም ይጠየቃል፤ ጥያቄው ግን ደም አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀኑ ነው የሚልም ነው። ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሰነብት ከቀይ ሴሎቹ ፖታሲየም እየሾለከ ይወጣል። ለአዋቂ ኢምንት የሆነው ያ ፖታሲየም ወደ ሰባት ኪሎ ልጅ በፍጥነት ሲገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከሳምንት ያልበለጠ ወይም የታጠበ ደም ይፈለጋል። ይህን ቀድማ የጠየቀች ሐኪም የከባዱን ሰዓት ግማሽ ሥራ ጨርሳለች።

በዕለቱ የጡት ወተት ሰመመኑ ሊሰጥ አራት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያ አስረዝሞ ማስራብ ልጁን ማድረቅና ደም ሥሩን መደበቅ ነው። ጭምብሉ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ሴቮፍሉሬን የተባለው፣ ጉሮሮ የማይቆረቁር ጋዝ ይገባል፤ ልጁ ጥቂት ተንፈራግጦ ይረጋል። ያው ተኛ። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ግን ሰዓቱ ይሮጣል። ሕፃን በኪሎ የሚፈጀው ኦክስጅን የአዋቂውን እጥፍ ያህል ነው፤ በሳንባው የሚያስቀምጠው ደግሞ ጥቂት። አዋቂ ትንፋሹ ቢቋረጥ ደቂቃዎች ይታገሳል፤ ሕፃን በሰኮንዶች ይጠቁራል። የኋላ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ሲተኛ አንገቱ ታጥፎ አገጩ ወደ ደረቱ ይወድቃል። ልምድ ያላት ሐኪም ለዚህ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ታስገባለች፤ ምላሱም ከመንገዱ ገለል ይላል።

አሁን ቱቦው። የሕፃኑ የአየር ቧንቧ ከድምፅ አውታሮቹ ሥር አንስቶ ለሁለቱ ሳንባዎች እስኪከፈል ድረስ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገባው ቱቦ የውስጥ ስፋት 3.5 ሚሊ ሜትር። ጥቂት ካለፈ ጫፉ ወደ ቀኙ ሳንባ ይገባና ግራው ያለ አየር ይቀራል፤ ጥቂት ከተሳበ ከነጭራሹ ይወጣል። ከዚያም በላይ ቱቦው በአንገቱ እንቅስቃሴ ይሄዳል፦ አገጭ ሲያጎነብስ ወደ ታች፣ ቀና ሲል ወደ ላይ። የመሐሉ መስመር የተዘጋበት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱ ቀና ብሎ ነው የሚታከመው። ጨርቁ አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ፊቱ ለሰዓታት አይታይም፣ በእጅም አይደረስበትም።

ጥሩ ባለሙያ እዚህ ላይ አትቸኩልም። ከሁለቱም ብብቶች ሥር ታዳምጣለች። ከዚያ ቱቦውን ከማጣበቋ በፊት የልጁን ራስ ወደ ደረቱ ታጎነብሳለች፤ እንደገና ታዳምጣለች። ቀና ታደርገዋለች፤ እንደገና ታዳምጣለች። በሦስቱም አኳኋን ሁለቱ ሳንባዎች እኩል ከተሰሙ ብቻ ነው ድድ ላይ ያለውን የሴንቲ ሜትር ምልክት የምትጽፈው። ጉንጩን ታደርቃለች፤ ለሃጭ ያለበት ቆዳ ላይ ፕላስተር አይዝም። ፕላስተሩን የምታሳርፈው ከጉንጭ አጥንትና ከላይኛው ከንፈር ላይ ነው፤ ታችኛው መንጋጋ ስለሚንቀሳቀስ አይታመንም። በላዩ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ትደርባለች፤ የራስ ቆዳው የሚታጠብበት መድኃኒትና በኋላም ደሙ በጉንጩ በኩል ስለሚወርድ ነው። ከማሽኑ የሚመጣው ቱቦ ከባድ ነውና ክብደቱ የልጁን ቱቦ እንዳይጎትት በድጋፍ ታሳርፈዋለች። በቱቦው ዙሪያ ያለችውን ትንሽ ፊኛ በግምት አትነፋትም፤ ግፊቱን በመለኪያ ታየዋለች። የቧንቧው ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያብጥ አዋቂ አያውቀውም፤ በሕፃን ግን የአየሩን መንገድ ከግማሽ በላይ ያጠበዋል። ይህ ሁሉ አምስት፣ ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አድርጎ ቆሞ ሲጠብቅ ያንን ደቂቃ አለማሳጠር የሙያ ድፍረት ይጠይቃል።

ደም ሥር ፍለጋው ይቀጥላል። የስድስት ወር ልጅ ለዚህ ሥራ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ወፍሯል፣ እጁና እግሩ በስብ ተሸፍኗል። ባለሙያዋ ታዲያ የማይታየውን ሥር በቦታው ታውቀዋለች፦ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት የምታልፈው ደም መልስ በማንኛውም ልጅ ላይ አለች፤ ዓይን ባያያትም ጣት ባይዳስሳትም እዚያው ናት። ሁለት ጥሩ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ደሙን እንዲያስገባ። ከዚያ የእጅ አንጓ ላይ ወዳለው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ቀጭን ካኑላ ይገባል። እሱ ከገባ የደም ግፊቱ በእያንዳንዱ ምት ሞኒተሩ ላይ ይነበባል፤ ለምርመራ የሚቀዳውም ደም ሁለተኛ ሳይወጋ ይገኛል።

ደምና ፈሳሽ በሚገባባቸው በነዚህ ቱቦዎች ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ መኖር የለባትም። በልብ የቀኝና የግራ ክፍሎች መካከል ጽንስ ሳለ የነበረችው መተላለፊያ በብዙ ሕፃናት ገና በደንብ አልተዘጋችም፤ በደም መልስ የገባ አየር በዚያ አልፎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በጣት እየተመታ አረፋው ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ካኑላውና ቱቦው የሚገናኙት ሁለቱም ጫፍ ላይ ፈሳሽ ቆሞ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ሲያደርጉ የሚያይ ሰው ትዕግሥታቸውን ያደንቃል፤ ምክንያቱን ሲያውቅ ደግሞ ከትዕግሥት በላይ መሆኑን ይረዳል።

ሙቀትም አለ፤ ባጭሩ ላንሳው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ገጽ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛል፤ ራሱ ተከፍቶ፣ በፈሳሽ እየታጠበ ለሰዓታት ሲቆይ ልጁ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ደም በደንብ አይረጋም። ስለዚህ ክፍሉ ቀዶ ሐኪሞቹን እስኪያልባቸው ይሞቃል፣ ከሥሩ ሞቃት አየር የሚነፋ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የሚገባው ደምና ፈሳሽ ሁሉ በማሞቂያ ያልፋል።

ቢላው ሲያርፍ እውነተኛው ሥራ ይጀመራል። አዋቂ ሲደማ ግፊቱ እየወረደ ይናገራል። ሕፃን አይናገርም፤ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ልቡ በእያንዳንዱ ምት የሚገፋውን ደም ብዙ መጨመር ስለማይችል ያለው መንገድ በፍጥነት መምታት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲወርድ አይቶ ደም የሚያስገባ ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። ጥሩዋ ሐኪም የምታየው ከሞኒተሩ አስቀድሞ የቀዶ ሐኪሙን እጅ ነው። ቆዳው ሲከፈት፣ አጥንቱ ከአንጎል ሽፋን ሲላቀቅ፣ መጋዙ በመሐሉ ትልቅ የደም መልስ ቦይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል ሊፈስ እንደሚችል ታውቃለች፤ ሲሪንጇ ቀድሞ ተሞልቶ በእጇ ነው።

የፈሰሰውን መለካት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ደሙ ከማጠቢያው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ መምጠጫ መሣሪያው ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉ ጨርቁ ላይ፣ ከፊሉ ወለሉ ላይ ነው። ጎዙ ይመዘናል፤ አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። ለዚህ ልጅ 56 ሚሊ ሊትር ማለት የደሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለአዋቂ ግማሽ ሊትር እንደ መፍሰሱ ያህል። ደሙ በሲሪንጅ፣ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር እየተቆጠረ ይገፋል። ለጋሽ ደም እንዳይረጋ የሚጨመርበት ሲትሬት የልጁን ካልሲየም ስለሚይዝበት ካልሲየም ይተካለታል። በየመሐሉ ከእጅ አንጓው ጥቂት ደም ተቀድቶ ሄሞግሎቢን፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ የአሲድ መጠን ይታያል። በጣም ከፈሰሰ ቀይ ሴል ብቻውን አይበቃም፤ ፕላዝማና ፕሌትሌት ይከተላል። አብዝቶ መስጠትም ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ለጋሽ አዲስ አደጋ ነውና፣ ከተቻለ የቀዶ ጥገናውም የማግስቱም ደም ከአንድ ለጋሽ ይሁን ይባላል። በሰሜን አሜሪካ 31 ሆስፒታሎች አንድ ላይ ሆነው የመዘገቡትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የ1,223 ቀዶ ጥገናዎች ውጤት እንደሚያሳየው፣ 24 ወርና ከዚያ በታች ከሆናቸው ልጆች 95 በመቶው ደም ወስደዋል።

የሚፈሰውንም የሚሰጠውንም ደም ዝቅ ማድረግ ከቻሉት ነገሮች አንዱ ርካሽ መድኃኒት ነው። ኡታኮ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናዊት ሐኪም ከባለቤታቸው ከሾሱኬ ጋር በ1962 ትራኔክሳሚክ አሲድን ለዓለም አስተዋወቁ። የረጋውን ደም መልሶ የሚያሟሟውን የሰውነት ኬሚስትሪ የሚገታ መድኃኒት ነው። ሃምሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት የቦስተኑ ጥናትና በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ የተሠራው ለእነዚህ ልጆች መጥቀሙን አረጋገጡ። በቦስተን መድኃኒቱን ያገኙት የፈሰሳቸው በኪሎ 65 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ የተሰጣቸውም ደም ከ56 ወደ 33 ወረደ። የመድኃኒቱ መነሻ መጠን እዚያ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በኪሎ 10 ጀምሮ በቀስታ ማንጠባጠብ በቂ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ መጣና ብዙዎች ዝቅ አደረጉት። አብዝቶ መስጠት የመንፈራገጥ ሕመም ሊያስነሳ ስለሚችል ይህ ቅናሽ ደስ ያሰኘኛል። የሚሠራው አንሶ ከተገኘ ማነሱ ራሱ ጥራት ነው።

ሌላው አደጋ አይታይም፤ ይሰማል። ራሱ ከልቡ ከፍ ባለ፣ ደሙም በጎደለ ጊዜ፣ ክፍት የአጥንት ሥሮች አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ። በ2000 በታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 23 ልጆች በ19ኙ ላይ አየር መግባቱ ታይቷል፤ አንዳቸውም ግን ልባቸው አልወደቀም። ያን ሁሉ ያሳወቀው ከደረት አጥንት በስተቀኝ የሚለጠፈው፣ ዶፕለር የተባለው የደም ፍሰት ማዳመጫ ነው። ባለሙያዋ ቦታውን የምታረጋግጠው ትንሽ ሳላይን (የጨው ውሃ) በፍጥነት ገፋ አድርጋ ድምፁ ሲለወጥ በመስማት ነው። ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ የሚሰማው ለስላሳ፣ ምት የጠበቀ ሹሽታ ነው። አየር ሲገባ ሹሽታው ይሰበርና ሻካራ ጩኸት ይሆናል። ቀጥሎ የሚሆነው በጣም ፈጣን ነው፦ "አየር!" ትላለች፤ ቀዶ ሐኪሙ የተከፈተውን ቦታ በሳላይን ያጥለቀልቀዋል፣ የአጥንቱን ጠርዝ በሰም ይደፍናል፤ እሷ አልጋውን ከራስጌ በኩል ዝቅ ታደርጋለች፣ ኦክስጅኑን መቶ በመቶ ታደርሳለች፣ ደም ትገፋለች። የስሚዝ ማዳመጫ የተረፈው እዚህ ነው፤ ከአራት ሰዓት በላይ ጆሮን ከአንድ ድምፅ ላይ አለማንሳት። ደሙ በጊዜው ሲተካ አየር የሚስበው ባዶነትም ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ ሥራዎች በእውነቱ አንድ ናቸው።

ግንባሩ በሚስተካከልበት ቀዶ ጥገና የዓይን ጉድጓዱ አጠገብ ሲጎተት የልጁ ልብ ምት በድንገት ሊዘገይ ይችላል። መድኃኒት ከመስጠት በፊት ያለው መልስ አንድ ቃል ነው፦ "ልቀቁ"። ሲለቀቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ የልብ ምትን የሚያፋጥነው አትሮፒን አለ።

ሕመሙስ? እዚህ ላይ የሙያው ታሪክ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና የተወለዱ ሕፃናት ጡንቻቸው ብቻ ሽባ ተደርጎ፣ ሕመም ማስታገሻ ሳይሰጣቸው የሚታከሙበት ጊዜ ነበር፤ ሕመም በደንብ አይሰማቸውም፣ መድኃኒቱም ይጎዳቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ካንዋልጂት አናንድ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኦክስፎርድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አጥንተው በ1987 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡት። ፈንታኒል የተባለውን ኃይለኛ ሕመም ማስታገሻ ያገኙት ልጆች ሰውነታቸው ከቀዶ ጥገናው ጭንቀት ተጠብቆ ነበር፤ ያላገኙት ላይ የጭንቀት ሆርሞኑም ከዚያ በኋላ የመጣው ችግርም በዛ። ዛሬ ከፈንታኒሉ በተጨማሪ ከቆዳው መከፈት በፊት የራስ ቆዳው ነርቮች በማደንዘዣ ይወጋሉ፤ ልጁ ሲነቃ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀላል ይሆኑለታል።

ወላጆች የሚጠይቁት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ሰመመኑ አንጎሉን አይጎዳውም? በሰባት አገሮች 722 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ከአንድ ሰዓት ያነሰ የሴቮፍሉሬን ሰመመን በሁለት ዓመትም በአምስት ዓመትም ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ሰመመን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ የራስ ቅል ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። በሌላ በኩል የተጨነቀ አንጎልን ማቆየትም ጉዳት ነው። ሁለቱንም ለእናትየው ሳትሸሽግ የምትነግር ሐኪም በእኔ ሚዛን ከእጇ ጥበብ እኩል ትመሰገናለች።

ቀዶ ሐኪሙ ቆዳውን ሲሰፋ እሷ ማንቃት ትጀምራለች። ቱቦው የሚወጣው ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን እያንቀሳቀሰ፣ በራሱ በደንብ ሲተነፍስ ነው። ብዙ ደም ከፈሰሰው ወይም ፊቱ ካበጠ እስከ ማግስቱ ቱቦው ይቆያል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሄሞግሎቢኑና ሶዲየሙ ይታያል፤ ቁስሉ ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሊደማ ይችላልና። የዓይኖቹ ቆብ አብጦ ለሁለትና ሦስት ቀን ሊከደን ይችላል፤ ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ትደነግጣለች።

ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ነገሩ እየቀለለ መጥቷል። ዴቪድ ሂሜኔዝና ኮንስታንስ ባሮን በአሜሪካ በ1990ዎቹ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የተዘጋውን መስመር ቆርጦ ማውጣትንና ቀሪውን ልጁ በሚያደርገው የራስ ቁር ማስተካከልን አስተዋወቁ። በስዊድን ጎተንበርግ ክሌስ ላውሪትሰን አጥንቱን ቀስ እያለ የሚከፍት ስፕሪንግ አስገቡ። የሰዓቱም የደሙም መጠን በብዙ ቀነሰ። ነገር ግን የካሜራው ዘዴ የሚሠራው ልጁ ሦስትና አራት ወር ሳለ ነው፤ ያም ልጁ ትንሹና ደሙ ዝቅተኛው የሆነበት ጊዜ ነው። ቀዶ ጥገናው አነሰ እንጂ የሰመመኑ ሥራ አላነሰም።

በአገራችን አብዛኛውን የሰመመን ሥራ የሚሸከሙት ሐኪም ያልሆኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አንጎላቸው ውስጥ ውሃ ለተጠራቀመባቸውና ጀርባቸው ክፍት ሆኖ ለተወለዱ ሕፃናት ቀዶ ጥገና ሲደረግ ያቺው አጭር የአየር ቧንቧ፣ ያው ትልቅ ራስ፣ ያው ቶሎ የሚበርድ ሰውነት አለ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ደም ሥርና ስለ ሙቀቱ የጻፍኩት ሁሉ የእነሱም የዕለት ሥራ ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ሕፃን ባንድ ጎን እየተኛ የኋላ ጭንቅላቱ ጠፍጠፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ አተኛኘቱ ሲቀያየር ይስተካከላል፣ ቀዶ ጥገናም አያስፈልገውም። ጭንቅላቱ ግን እየጠበበ የሚረዝም ከሆነ፣ ግንባሩ ላይ ወይም አናቱ ላይ በጣት የሚዳሰስ ጠንካራ የአጥንት ሸንተረር ካለ፣ ግንባሩ ከሾለ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ፣ ይህ በቅቤና በማሸት አይመለስም። ሲያድግ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ከተባለም ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ አትውጡ፤ የሚያስተኛውን ባለሙያ አግኙና ደሙ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልጁ የት እንደሚያድር ጠይቁ።